ከመነሻው መስመር በፊት የተጀመረ ውድድር፦ የ2026 የፎርሙላ ዋን መኪና እና የባሕረ ሰላጤው ድርሻ

ሻርጃ፣ ሮላ፦ የ2025 የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮና ባለፈው ዲሴምበር 7 በአቡ ዳቢ ያስ ማሪና ሲጠናቀቅ፣ የማክላረኑ ላንዶ ኖሪስ 423 ነጥብ ሰብስቦ፣ 421 ነጥብ የያዘውን የሬድ ቡሉን ማክስ ቨርስታፐን በሁለት ነጥብ ብቻ በመብለጥ ዋንጫውን አንሥቷል። የዕለቱን ውድድር ያሸነፈው ግን ቨርስታፐን ነበር። ታዳሚው ከያስ ደሴት ከተበተነ ከሁለት ቀን በኋላ በዚያው መንገድ ላይ ሌላ ሥራ ተጀመረ። ቡድኖቹ ለሙከራ ያሻሻሏቸውን አሮጌ መኪኖች አውጥተው፣ ለ2026 የተሠሩትን ጠበብ ያሉ ጎማዎች ሲፈትሹ ዋሉ።

ለተመልካች ያ ቀን ተራ የሙከራ ቀን ነው። ለመሐንዲሶቹ ግን የአንድ ዘመን መዝጊያ ነበር። በአዲሱ ዓመት ሞተሩም፣ የመኪናው አካልም፣ ነዳጁም በአንድ ጊዜ ይቀየራሉ። ይህን ያህል ለውጥ በአንድ ዓመት ሲደረግ በስፖርቱ ታሪክ እምብዛም አልታየም። አዲሶቹ መኪኖች በዚህ በጃንዋሪ 2026 መጨረሻ በባርሴሎና በዝግ፣ በፌብሩወሪ ደግሞ ሁለት ጊዜ በባሕሬን ይሞከራሉ። የመጀመሪያው ውድድር በማርች መጀመሪያ በሜልበርን እንዲካሄድ ተይዟል።

የዚህ ትንታኔ ጭብጥ አንድ ነው። ደንብ ሲቀየር ውድድሩ የሚጀምረው ከመነሻው መስመር ሳይሆን ከዚያ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በፊት ነው። አሸናፊውን የሚለየውም የገንዘብ ብዛት ብቻ አይደለም። አዲሱን ደንብ ቀድሞ ማንበብና ከአሮጌው ሥራ በጊዜ መላቀቅ የበለጠ ይመዝናል። ይህ እውነት ደንቡን ለሚመሩት፣ ቡድኖችን ለሚገዙትና ውድድሩን ለሚያስተናግዱት የባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚነግራቸው ነገር አለ። መኪና በመንዳትና በመጠገን ለሚተዳደረው የሮላ ነዋሪም እንዲሁ።

ምን ተቀየረ?

ከ2014 ጀምሮ የፎርሙላ ዋን መኪና 1.6 ሊትር ባለስድስት ሲሊንደር ቱርቦ ሞተርና ከእሱ ጋር የተጣመረ የኤሌክትሪክ ሥርዓት ነበረው። ቤንዚን የሚያቃጥለው ክፍል በቅርጹ ይቀጥላል፤ ጉልበቱ ግን ከ550 ኪሎዋት ገደማ ወደ 400 ኪሎዋት አካባቢ ዝቅ ይላል። በአንጻሩ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ከ120 ኪሎዋት ወደ 350 ኪሎዋት ያድጋል። ይህም ከ160 የፈረስ ጉልበት ገደማ ወደ 470 ማለት ነው። በዚህ መሠረት የመኪናው ኃይል ወደ ግማሽ ለሚጠጋው ከኤሌክትሪክ ይመጣል።

ከቱርቦው ጋር ተያይዞ ከጭስ ማውጫው ሙቀት ኤሌክትሪክ ያመነጭ የነበረው ውስብስብ መሣሪያ ቀርቷል። ይህ መሣሪያ እጅግ ውድና አዲስ አምራቾችን የሚያስፈራ ስለነበር፣ መወገዱ በሩን ከፍቷል። የጀርመኑ አውዲ የሳውበርን ቡድን ተረክቦ ገብቷል። ፎርድ ከሬድ ቡል ጋር ተጣምሮ ተመልሷል። ሆንዳ ከአስተን ማርቲን ጋር ይቀጥላል። የአሜሪካው ካዲላክ በፌራሪ ሞተር 11ኛው ቡድን ሆኗል። ሬኖ በበኩሉ ሞተር መሥራቱን አቁሞ፣ የራሱ ቡድን አልፒን የመርሴዲስን ሞተር እንዲጠቀም ወስኗል።

መኪናውም አንሷል። በፊትና በኋላ እግሮቹ መካከል ያለው ከፍተኛው ርቀት ከ3.6 ሜትር ወደ 3.4 ሜትር፣ ስፋቱ ከ2 ሜትር ወደ 1.9 ሜትር ዝቅ ብሏል። ዝቅተኛው ክብደት በ2025 ከነበረው 800 ኪሎ ግራም ወደ 768 ወርዷል። የፊትና የኋላ ክንፎቹ እንደ መንገዱ ሁኔታ ይንቀሳቀሳሉ። በመታጠፊያ ላይ ቆመው አየሩ መኪናውን ወደ መሬት እንዲጫነው ያደርጋሉ፤ በቀጥታ መንገድ ላይ ተኝተው አየሩን ያሳልፋሉ። ነዳጁም ሙሉ በሙሉ ከድፍድፍ ነዳጅ ውጭ ከሆኑ ምንጮች የሚመረት ይሆናል።

የአሥራ አንድ ሰከንድ ጥያቄ

ከዚህ ሁሉ ለውጥ መሐንዲሶቹን እንቅልፍ የነሳው የባትሪው ጉዳይ ነው። በዱባይ ሃይብሪድ ታክሲ የተሳፈረ ሁሉ መሠረቱን ያውቀዋል። ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ መኪናው ጉልበቱን በከንቱ አያባክንም፤ ኤሌክትሪክ አድርጎ ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። የፎርሙላ ዋን መኪናም በዚሁ መርሕ ይሠራል። ልዩነቱ በመጠኑና በፍጥነቱ ላይ ነው።

በደንቡ መሠረት መኪናው በመንገድ ላይ ሳለ በባትሪው ከፍተኛና ዝቅተኛ የኃይል ይዞታ መካከል ሊኖር የሚችለው ልዩነት 4 ሜጋጁል ብቻ ነው። ይህን ለ350 ኪሎዋት ብናካፍለው፣ የሞላ ባትሪ በሙሉ ጉልበት የሚሠራው ለ11 ሰከንድ ከግማሽ ለማይሞላ ጊዜ ነው። ትንሽ ሮቶ ላይ ትልቅ ቧንቧ እንደመግጠም ያለ ነው፤ ውኃው ሲፈስ ኃይለኛ ቢሆንም ቶሎ ያልቃል። መኪናው በአንድ ዙር እየሞላ እየባዶ መልሶ ሊሰበስብ የሚችለው ኃይል 8.5 ሜጋጁል አካባቢ ነው። ያም በሙሉ ጉልበት 24 ሰከንድ ያህል ያስኬዳል። የያስ ማሪና አንድ ዙር ፈጣኑ አሽከርካሪ በ1 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ገደማ የሚጨርሰው 5.28 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ በሙሉ አቅሙ የሚገኘው ከዙሩ ሲሶ ለማይሞላው ክፍል ነው።

ቀሪውን እንዴት መሸፈን ይቻላል? መልሱ ያለው በኮምፒውተሩ ቀመርና በአሽከርካሪው እግር መካከል ነው። ኃይሉን በየትኛው ቀጥታ መንገድ ማውጣት፣ በየትኛው መታጠፊያ መሰብሰብ እንደሚገባ ቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። ደንቡ ራሱ ፍጥነቱ ከ290 ኪሎ ሜትር በሰዓት ካለፈ በኋላ የኤሌክትሪኩ ጉልበት ደረጃ በደረጃ እንዲቀንስ ያስገድዳል። ከፊቱ ካለው መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ የተጠጋ ተወዳዳሪ ግን ሙሉውን ጉልበት እስከ 337 ኪሎ ሜትር እንዲጠቀም ይፈቀድለታል። እስከ አምና ለማለፍ ያገለግል የነበረውን ተከፋች የኋላ ክንፍ የተካው ይህ ነው።

በመሆኑም አዲሱን መኪና የሚሠራ ቡድን ሞተሩንና አካሉን ለየብቻ ሊነድፍ አይችልም። ባትሪው የት እንደሚቀመጥ የመኪናውን ቅርጽ፣ ክንፉ ምን ያህል እንደሚተኛ ደግሞ የባትሪውን ፍጆታ ይወስናል። ሞተሩን ራሳቸው የሚሠሩት እንደ ፌራሪና መርሴዲስ ያሉ ቡድኖች ገዝተው ከሚጠቀሙት ይልቅ ቀድመው ያውቁታል የሚባለው ለዚህ ነው። ዕውቀቱ ብቻውን ድል እንደማያመጣ ግን ያለፈው ዓመት አሳይቷል። ማክላረን የመርሴዲስን ሞተር ገዝቶ መርሴዲስን ራሱን አሸንፏል።

አሮጌውን መቼ መተው ይገባል?

ደንብ ሊቀየር ሲል እያንዳንዱ ቡድን አንድ ከባድ ውሳኔ ይጠብቀዋል። የያዙትን መኪና እያሻሻሉ ዛሬን ማሸነፍ ወይስ ዛሬን ሠውቶ ለነገ መዘጋጀት?

ፌራሪ መልሱን ቀድሞ ሰጠ። የቡድኑ ኃላፊ ፍሬድ ቫሱር እንደገለጹት፣ የ2025ቱን መኪና የአየር ቅርጽ ማሻሻል ያቆሙት በኤፕሪል መጨረሻ ነው። ዋጋውም ከባድ ሆነ። ቡድኑ በዓመቱ አንድም ግራንድ ፕሪ ሳያሸንፍ አራተኛ ሆኖ ጨረሰ። አልፒንም ዓይኑን ወደ 2026 አዙሮ በመጨረሻው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ሬድ ቡል ተቃራኒውን መንገድ መረጠ። እስከ ዓመቱ ማብቂያ መኪናውን እያሻሻለ ቨርስታፐንን ለዋንጫ ሁለት ነጥብ እስኪቀረው አደረሰው። ያ ጥረት ከ2026 ዝግጅት ላይ ጊዜ እንደወሰደ ኃላፊዎቹ አልሸሸጉም።

ታሪክ ለሁለቱም ወገን ማስረጃ አለው። ሆንዳ በ2008 ውጤት ሲያጣ ዓይኑን በ2009 በሚመጣው አዲስ ደንብ ላይ ተክሎ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ከስፖርቱ ሲወጣ ቡድኑ በሮስ ብራውን እጅ ገባ። ያ ሊፈርስ ተቃርቦ የነበረ ቡድን በጄንሰን ባተን ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ውድድሮች ስድስቱን አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ከምስጢሮቹ አንዱ በመኪናው ወለል የኋላ ክፍል ላይ አብዛኞቹ ቡድኖች ያላዩትን የደንብ ክፍተት አንብቦ መጠቀሙ ነበር። ተቀናቃኞቹ ከሰሱት፤ የይግባኝ ሰሚው ውሳኔ ግን ሕጋዊ ነው አለ።

በ2014 የአሁኑ ዓይነት ሞተር ሲጀመር መርሴዲስ ከዓመታት በፊት ተዘጋጅቶበት ነበር። ከ19 ውድድሮች 16ቱን አሸነፈ፤ የቡድኖችን ዋንጫም ከ2014 እስከ 2021 ስምንት ጊዜ በተከታታይ ወሰደ። ሆንዳ በአንጻሩ በ2015 አንድ ዓመት ዘግይቶ ከማክላረን ጋር ገባ። ያ ስመ ጥር ጥምረት በ27 ነጥብ ዘጠነኛ ሆነ። የመርሴዲስ የበላይነትም ዘላለማዊ አልሆነም። በ2022 የመኪናው አካል ደንብ ሲቀየር መኪናዋ በቀጥታ መንገድ ላይ እየነጠረች አስቸገረች፤ በዓመቱ የተገኘው ድል አንድ ብቻ ነበር። ትናንት ደንቡን በሚገባ ያነበበ ዛሬ ሊስት እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

አሁንም ንባቡ ክርክር አስነሥቷል። አዲሱ ደንብ በሲሊንደር ውስጥ ቅልቅሉ የሚታመቅበትን ልክ ከ18 ለ1 ወደ 16 ለ1 አውርዶታል። ልኬቱ እንዲወሰድ የተደነገገው ግን ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሁኔታ ነበር። ብረት ሲግል እንደሚለጠጥ የታወቀ ነውና፣ አንዳንድ አምራቾች በሥራ ላይ ከልኩ በላይ የሚያምቅ ሞተር ሠርተዋል የሚል ወሬ ተሰምቷል፤ ተፎካካሪዎቻቸውም ጥያቄ አቅርበዋል። ውድድሩ ሳይጀመር ሙግቱ መጀመሩ የዚህ ስፖርት ባሕርይ ነው።

ገንዘብ ብቻውን የማይፈታው

ቀድሞ ቢሆን ሀብታሙ ቡድን ሁለት ጓድ መሐንዲሶች አቋቁሞ አንዱን ለዛሬ፣ ሌላውን ለነገ ያሰማራ ነበር። ዛሬ ይህ አይቻልም። ከ2021 ጀምሮ የወጪ ገደብ አለ። ገደቡ ያኔ 145 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ለ2026 ደግሞ 215 ሚሊዮን ዶላር ተደርጓል። ዕድገቱ ትልቅ ቢመስልም፣ ቀድሞ ከገደቡ ውጭ የነበሩ ወጪዎች አሁን ተካተውበታል። ለሞተር አምራቾችም የተለየ ገደብ አለ፤ በዓመት 95 ሚሊዮን የነበረው ወደ 130 ሚሊዮን ዶላር ከፍ ብሏል።

ሌላው ልጓም የመኪና ሞዴል በነፋስ የሚፈተሽበት ዋሻ የአጠቃቀም ሰዓት ነው። ሻምፒዮኑ ከመደበኛው ሰዓት 70 በመቶውን ብቻ ያገኛል፤ ከዚያ ወደ ታች በየደረጃው 5 በመቶ ይጨመራል። በዚህ ስሌት ማክላረን 70 በመቶ ሲያገኝ፣ አሥረኛ የወጣው አልፒን 115 በመቶ ያገኛል። የ2026ቱን መኪና በዋሻው መፈተሽ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 በፊት ለሁሉም የተከለከለ ነበር። ድል ራሱ ለመጪው ጊዜ ዕዳ የሚሆንበት ሥርዓት ነው።

በሞተር በኩል የዘገየም ፈጽሞ አልተተወም። በዓመቱ ውስጥ በተወሰኑ ወቅቶች የሞተሮቹ ጉልበት ይመዘናል፤ ከፊተኛው ከ2 በመቶ በላይ የራቀ አምራች ተጨማሪ የማሻሻያ ዕድል ይሰጠዋል። ይህ የገባው አንድ አምራች እንደ 2014ቱ መርሴዲስ ለዓመታት ብቻውን እንዳይነግሥ ነው።

የባሕረ ሰላጤው እጅ የት አለ?

ከሮላ ወደ ያስ ደሴት በመኪና የአንድ ሰዓት ተኩል ያህል መንገድ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የሚሰማው የሞተር ድምፅ ግን ከአካባቢው ትስስር ትንሹን ክፍል ብቻ ይነግረናል። ባሕሬን ከ2004፣ አቡ ዳቢ ከ2009፣ ጅዳና ኳታር ከ2021 ጀምሮ የውድድሩ አስተናጋጆች ሆነዋል። ከዚያም በላይ ከደንብ ጠባቂነት እስከ ባለቤትነት ዘልቀዋል።

ደንቡን የሚያወጣው ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ከዲሴምበር 2021 ጀምሮ የሚመራው በዱባዩ ተወላጅ በሞሐመድ ቢን ሱላይም ነው። የመካከለኛው ምሥራቅን የራሊ ሻምፒዮና 14 ጊዜ ያሸነፉት ቢን ሱላይም ፌዴሬሽኑን በመምራት ከአውሮፓ ውጭ የመጀመሪያው ሰው ሲሆኑ፣ ባለፈው ዲሴምበር በታሽከንት በተካሄደው ጉባኤ ያለ ተፎካካሪ በድጋሚ ተመርጠዋል። በባለቤትነት በኩል የባሕሬኑ ሙምታላካትና የአቡ ዳቢው ሲቪን ሆልዲንግስ የሻምፒዮኑ የማክላረን ባለቤቶች ናቸው። የኳታር ኢንቨስትመንት ባለሥልጣን በአውዲ ቡድን ውስጥ ድርሻ ገዝቷል። የሳዑዲው አራምኮ የአስተን ማርቲን ዋና አጋር ከመሆን አልፎ አዲሱን ነዳጅ ያቀርብለታል።

ይሁን እንጂ ከመኪናው ስንነሣ ሥዕሉ ይለወጣል። ማክላረን የሚነደፈው በእንግሊዝ ዎኪንግ፣ ሞተሩ የሚሠራው በብሪክስዎርዝ ነው። የአብዛኞቹ ቡድኖች ፋብሪካዎች በእንግሊዝ ናቸው፤ ፌራሪ በጣሊያን ማራኔሎ፣ የአውዲ ሞተር በጀርመን ኖይቡርግ ይሠራል። ባሕረ ሰላጤው የመንገዱ፣ የአክሲዮኑና የወንበሩ ባለቤት ሆኗል፤ መሐንዲሱ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ግን ገና አልመጣም። ደንብ ሲቀየር ዋጋ የሚያወጣው ደግሞ ያ ጠረጴዛ ነው።

ይህን ክፍተት አቡ ዳቢ የተረዳችው ይመስላል። ከ2024 ጀምሮ በያስ ማሪና የሚካሄደው ሹፌር አልባ መኪኖች የሚፎካከሩበት ሊግ ለዚህ ምልክት ነው። የመኪናው አካል የጣሊያኑ ዳላራ ሥራ ቢሆንም፣ መኪናውን የሚነዳውን ቀመር ቡድኖቹ ራሳቸው ይጽፉታል። የአቡ ዳቢው የቴክኖሎጂ ፈጠራ ተቋም የራሱን ቡድን ያሰልፋል። በ2024ም ሆነ በ2025 ያሸነፈው ግን የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው። መኪና በአንድ ዓመት ይገዛል፤ ዕውቀት ግን በትውልድ ይገነባል።

በወንበሩ ላይ መቀመጥም የራሱ ፈተና አለው። ቢን ሱላይም በ2025 መጀመሪያ ወደ ቀድሞው ባለአሥር ሲሊንደር ሞተር የመመለስን ሐሳብ ማንሣታቸው፣ ለአዲሱ ደንብ ከፍተኛ ገንዘብ ያፈሰሱትን አምራቾች አሳስቦ ነበር። በኤፕሪል 2025 በባሕሬን በተደረገው ስብሰባ የ2026ቱ ደንብ እንደማይነካ ስምምነት ተደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ሞተር ውይይቱ ቀጥሏል። አውዲ በኤሌክትሪኩ ድርሻ ምክንያት ከገባ፣ ድርሻው ቢቀንስ ምን ያደርጋል? ደንብ አውጪ ለውጥ ማምጣት መቻሉ ብቻ አይበቃም። ቃሉ የሚታመንበትን ያህል ዘመን መጽናት አለበት።

ከሮላ ሲታይ

ይህ ሁሉ በሮላ አደባባይ ዙሪያ ለሚኖር፣ ዓርብን ጠብቆ ከወገኖቹ ጋር ለሚገናኝ ኢትዮጵያዊ ሩቅ የሀብታሞች ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ተመሳሳይ ለውጥ በራሱ ሕይወት ውስጥ ደርሷል። የኢትዮጵያ መንግሥት በጃንዋሪ 2024፣ በእኛ አቆጣጠር በጥር 2016፣ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ በዶ/ር ዓለሙ ስሜ በኩል አስታውቋል። ከዱባይና ከሻርጃ የተገዙ ያገለገሉ መኪኖች ለዓመታት ወደ ኢትዮጵያ ሲላኩ ኖረዋል። በዚህ ንግድ የኖረ ደላላ፣ በሻርጃ የኢንዱስትሪ ቀጠና የነዳጅ ሞተር ፈትቶ መግጠም የተማረ መካኒክ፣ መኪና ይዤ እገባለሁ ብሎ የቆጠበ ሹፌር ሁሉ ደንቡ ተቀይሮበታል።

የእሱም ጥያቄ የፌራሪና የሬድ ቡል ጥያቄ ነው። የያዘው ሙያ ዛሬ እንጀራ ይሰጠዋል፤ ነገ ግን ዋጋው ይቀንሳል። ባትሪ መመርመር፣ የኤሌክትሪክ ሞተር መቆጣጠሪያ መረዳት፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው መኪና በጥንቃቄ መፍታት የሚማረው መቼ ነው? ለቡድኖቹ የወጪ ገደብ እንዳለባቸው ሁሉ፣ እሱም ደመወዙና የዕረፍት ሰዓቱ የተገደቡ ናቸው። ሆኖም በኢሚሬቶች ጋራዦች ውስጥ ሃይብሪድና የኤሌክትሪክ መኪኖች በየቀኑ ይገባሉ። ያ መኪና ለመካኒኩ እንደ ያስ ማሪናው የሙከራ ቀን ነው፤ ሌላው ሰው ሲሄድ ቀርቶ የሚሠራ ይማርበታል። አገር ቤት ሲመለስ ይዞት የሚገባው ትልቁ ዕቃ ይኸው ዕውቀት ሊሆን ይችላል፤ ቀረጥም አይጠየቅበትም።

ለደንብ አውጪውም ትምህርቱ ያው ነው። ፎርሙላ ዋን አዲሱን የሞተር ደንብ ከዓመታት በፊት በ2022 አጽድቆ ነው ለአምራቾች ጊዜ የሰጠው። ጊዜ የተሰጠው ይዘጋጃል፤ በድንገት የተነገረው ይደናገራል።

ምን ይጠበቃል?

በሚቀጥሉት ሳምንታት የሚታዩት ሰዓቶች እንዳያታልሉ ያስፈልጋል። በሙከራ ወቅት ቡድኖች የጫኑትን ነዳጅና የሚጠቀሙትን ኃይል ይደብቃሉ። ሁለተኛው የባሕሬን ሙከራ ከፌብሩወሪ 18 እስከ 20 የተያዘ ሲሆን፣ ከረመዳን መግቢያ ጋር ይገጥማል ተብሎ ይጠበቃል። በዚያ ሰሞን ከፈጣኑ ዙር ይልቅ መታየት ያለበት ማን ብዙ ኪሎ ሜትር ሳይበላሽ እንደሮጠና በረጅሙ ቀጥታ መንገድ መጨረሻ ላይ የማን መኪና ባትሪው አልቆ ፍጥነቱ እንደሚወርድ ነው። የአዲሱን ደንብ ንባብ የሚያጋልጠው ያ ቅጽበት ነው።

ሻምፒዮናው በዲሴምበር ተመልሶ ያስ ማሪና ሲደርስ ከ22 አሽከርካሪዎች አንዱ ዋንጫ ያነሣል። የዋንጫው መንገድ ግን በከፊል የተወሰነው ማንም ባላጨበጨበበት ሰዓት፣ አንዳንዶች የትናንቱን መኪና ሲያበጃጁ ሌሎች ነጭ ወረቀት ዘርግተው በተቀመጡበት ጊዜ ነው።